መሃሉ ባዶ የቀረው አደባባይ

ዳው ሚፍታህ ጡረታ ሊወጣ ሦስት ወር ሲቀረው የመጨረሻ ሥራው የት እንደሚሆን ተነገረውና ፊቱ ጠቆረ። ሌላ ሰው ቢሆን ምስጋና ያበዛ ነበር። ቦታው ከቤቱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ የባሕሩ ነፋስ ይገባበታል፤ ሻይ ቤቱም ከጎኑ ነው። ችግሩ አደባባዩ ራሱ ነበር። ዳው የከተማውን መሃል አደባባይ ላለማቋረጥ ሲል ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ በዓሣ ተራ በኩል እየዞረ የኖረ ሰው ነው።

ይህን በቢር ሎዝ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሳም። ይህች የደቡብ ቱኒዚያ ከተማ ጠባይዋ እንዲህ ነው። ሰዎቿ በጎረቤት ድስት ውስጥ ምን እንደተበሰለ ሲያወሩ ይውላሉ፤ ዋናው ቁስል ጋ ሲደርሱ ግን ሆድ ይፍጀው ብለው ያልፉታል።

ስለ እጁ ግን የማያወራ የለም። ዳው የማዘጋጃ ቤቱ ድንጋይ አንጣፊ ነው፤ ከተራ ሠራተኛነት ተነስቶ ፎርማን የሆነ። በቢር ሎዝ የእግረኛ መንገድ ላይ ተደናቅፎ የወደቀ ሰው እግሩን ይውቀስ እንጂ የዳውን ንጣፍ አይውቀስ። ውሃ ልኩን የሚያወጣው ለሌሎች ለማሳየት ብቻ ነው፤ እሱ ራሱ ጉንጩን መሬት ላይ አስደግፎ በአንድ ዓይኑ ካየ ይበቃዋል።

ከአደባባዩ ያራቀው ነገር የሆነው ሃያ አራት ዓመቱ ሳለ ነው፤ ከተቀጠረ ገና ሁለተኛ ወሩ ነበር። አደባባዩ የተጠቀጠቀ አፈር ነበር። በምሥራቁ ጥግ፣ በመስጊዱ ግድግዳ ጥላ ሥር፣ ሽማግሌዎች ኻርብጋ የሚጫወቱባቸው ሃያ አምስት ጉድጓዶች ነበሩ፤ አምስት በአምስት፣ እያንዳንዳቸው እንቁላል የሚያስቀምጡ ያህል። ሁለት ሰው ይጫወታል፣ ሃያው ከኋላ ቆሞ ይጨቃጨቃል። አሥራ ሁለት ነጭ፣ አሥራ ሁለት ጥቁር ጠጠር ይደረደርና የመሃሉ ጉድጓድ ብቻ ባዶ ይቀራል። ጨዋታው የሚከፈተው አንዱ ጠጠሩን ወደዚያ ባዶ ሲገፋ ነው። ከዚያ ወዲያ የሌላውን ጠጠር በሁለት መሃል ያስገባ ይበላል። የዳው አባት ሚፍታህ፣ የዘይት መጭመቂያው ቤት ተሸካሚ፣ በዚያ ጥግ ተወዳዳሪ አልነበራቸውም። "መሃሉን የሞላ ጨዋታ አያውቅም" ይሉ ነበር።

አንድ ትልቅ ሰው ከተማውን ሊጎበኝ ነው ተባለ። የዚያን ጊዜው አለቃ በአደባባዩ ሲያልፍ አየና "ይሄን የአይጥ ጉድጓድ ድፈኑልኝ፤ አዲሱ ልጅ ይሥራው" አለ። አዲሱ ልጅ ዳው ነው። ሲሚንቶውን በባሬላ አስይዞ ሲደርስ አባቱ ከወዳጃቸው ከብልጋሲም ጋር ተቀምጠው ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሚፍታህ ልጃቸውን አዩት፣ ባሬላውን አዩ፣ ሁሉም ገባቸው። ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ለቅመው በመሐረባቸው ቋጠሩ። ጉልበታቸውን አራግፈው ተነሱና "ሥራህን ሥራ" አሉት። ዳው ተንበርክኮ ሃያ አምስቱንም ደፈነ፤ ከላይም ጥጉን በሙሉ በሲሚንቶ ለሰነ። አባቱ እስኪጨርስ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አደባባዩን ረግጠው አያውቁም። ከስድስት ዓመት በኋላ ሞቱ። በእነዚያ ስድስት ዓመታት ውስጥ አባትና ልጅ ስለ ሁሉም ነገር አውርተዋል፣ ስለዚያ ቀን ግን አንድ ቃል አልተናገሩም። መሐረቡ ከነቋጠሮው በዳው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። ዳው አባቱ እንደተቀየሙት እንደሞቱ ያምን ነበር። ይህ እምነት አብሮት አረጀ።

አሁን እንግዲህ አደባባዩ እንደ አዲስ ሊሠራ ነው። ያውም ለሁሉም ሰው የሚሆን ይሁን ተብሎ። ቢር ሎዝ ዛሬ የድሮዋ አይደለችም። ሊቢያውያን ለሕክምና ይመጣሉ፤ አስታማሚዎቻቸው ክሊኒኩ በር ላይ በካርቶን ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ከአይቮሪ ኮስትና ከማሊ የመጡ ሠራተኞች ደግሞ በየጠዋቱ አደባባዩ ዳር ቆመው የሚወስዳቸውን መኪና ይጠብቃሉ። ነዋሪው በመካከላቸው ያልፋል፤ አያያቸውም። ይህን ስል አፍሬ ነው፤ ግን እንደዚያ ነበር።

ንድፉን የምትሠራው ኢንሳፍ የምትባል ከዋናው ከተማ የመጣች አርክቴክት ናት፤ ሠላሳ አንድ ዓመቷ፣ ማስታወሻ ደብተሯ ከእጇ የማይለይ። ሥራውን በድንኳን ጀመረች። ትልቅ ወረቀት ሰቅላ "በአደባባዩ ምን ይኑር?" ብላ ጻፈችበትና ሕዝቡን ጠራች። አንዱ "ሥራ" ብሎ ጻፈ። አንዷ "ውሃ በየቀኑ" አለች። ሦስተኛው የአማቹን ስም ጽፎ ከጎኑ እዚህ የማይደገም ነገር ጨመረበት። አብዛኛው "የበላይ አካል እንዳለው" ብሎ እስክሪብቶውን መለሰ። ሳይመልስ የሄደም አለ።

መሃሉ ላይ ምን ይቁም የሚለው ነገር ሲነሳ ግን ሁሉም አፍ አወጣ። ነጋዴዎቹ ባለ አራት ፊት ሰዓት ይሁን አሉ። የኳስ ክለቡ ሰዎች የዋንጫ ሐውልት ፈለጉ። ጎረቤት ከተማ ሦስት ሜትር የሚሆን የሲሚንቶ ዘይት ማሰሮ ስላቆመች "የኛ አምስት ይሁን!" ብሎ ጠረጴዛ የደበደበም ነበር። ኮሚቴው አራት ጊዜ ተሰብስቦ አራት ጊዜ ተጣልቶ ተበተነ። በመጨረሻ ንጣፉ ከዳር ይጀመር፣ መሃሉ ሲደረስ ይታሰብበታል ተባለ። የማይስማማ ኮሚቴ አንዳንዴ እግዜር የሚሰጠው ጥቅም አለው።

ዳው ሥራውን ጀመረ። የመጀመሪያው ቀን በምሥራቁ ጥግ የድሮውን ሲሚንቶ በማሽን ሲሰብሩት ሌላ ቦታ ሥራ እንዳለው አስመስሎ ሄደ። ረዳቱ ኩዋሜ ይባላል፤ የአርባ ዓመት ሰው፣ የሦስት ልጆች አባት፣ በአገሩ በአይቮሪ ኮስት አሥራ አምስት ዓመት ግንበኛ የነበረ። እዚህ ረዳት ነው፤ ምክንያቱን ጠይቆት የሚያውቅ የለም። ከድንጋዩ በፊት ደቃቅ አሸዋ ይፈስሳል፤ በጣውላ ተጎትቶ እንደ ጠረጴዛ ይስተካከላል። ኩዋሜ በዚህ ሥራ ላይ የሚደርስበት አልነበረም።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ቀትር ላይ፣ ዳው ሃሪሳ የሚሉት የበርበሬ ድልህ የተቀባ ዳቦውን ይዞ ሲመለስ ጠዋት ያስተካከሉት አሸዋ ላይ ጉድጓድ አየ። ሁለት መስመር፣ በየመስመሩ ስድስት። ኩዋሜና አንድ የአገሩ ልጅ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ፍሬ እያደሉበት ነው። የዳው ደም ወደ ጭንቅላቱ ወጣ።

"ምንድን ነው የምትሠሩት?"

"ጨዋታ ነው አለቃ። አዋሌ። ምሳ እስኪወርድ ድረስ ነው እንጂ..."

"ድፈነው! አሁኑኑ ድፈነው!"

ኩዋሜ ዳቦውን በአፉ ይዞ ተንበረከከ፤ በመዳፉ አሸዋውን ወደ መጀመሪያው ጉድጓድ ገፋ። ዳው ያን መዳፍ አየው። የማን መዳፍ እንደሆነ ያውቃል። 

"ተወው" አለ። "ተወው ወንድሜ። ቁጭ በል፣ ብላ።"

ይህ ሁሉ ሲሆን ከመድኃኒት ቤት የሚመለሱ አንድ ባለ ቀይ ቆብ ሽማግሌ ቆመው ያያሉ። ወደ አሸዋው ጎንበስ አሉና ተጸየፉ።

"ሁለት መስመር ብቻ? አሸዋ አለቀባችሁ እንዴ? አምስት ነው የሚሆነው!"

"የኛ ሁለት ይበቃናል ዓም" አለ ኩዋሜ፤ በቢር ሎዝ ትልቅ ሰው ሁሉ ዓም፣ አጎት፣ ነው። "እኛ እንቆጥራለን እንጂ አንጮህም።"

"አልሰማኝም መሰለኝ ይሄ ሰውዬ!" ብለው ሽማግሌው የመድኃኒት ከረጢታቸውን አስቀመጡ፤ ተቀመጡም፤ በአውራ ጣታቸውም ከአዋሌው አጠገብ አምስት በአምስት ወጉ። ከሻይ ቤቱ ሁለት ሰዎች ተነስተው መጡ። ከዚያ አራት። የምሳ ሰዓት ሲያልቅ ሰዎቹ አላለቁም ነበር።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሆነ። ጠዋት አሸዋው ይስተካከላል፤ ቀትር ላይ ይወጋል፤ ከሰዓት በኋላ እንደገና ተስተካክሎ ድንጋይ ይነጠፍበታል። በማግስቱ ጨዋታው ወደ ቀጣዩ አሸዋ ይሸጋገራል። ሥራ ሳያገኙ የቀሩት የማሊ ልጆች መጡ፤ የታክሲ ሾፌሮች መጡ፤ የሊቢያ አስታማሚዎችም ካርቶናቸውን አንስተው ተጠጉ። ኻርብጋ ቋንቋ አይጠይቅም። ጠጠሩን የተበላ ሰው ፊት በየትኛውም አገር አንድ ነው።

ከሊቢያውያኑ መካከል ሃጃ ቲብራ የሚባሉ ሴት ነበሩ፤ ባላቸው ለኩላሊት ቀዶ ጥገና ተኝተው ሳለ እሳቸው አራት ቀን በአሸዋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ከረሙ። በአምስተኛው ቀን ባለ ቀይ ቆቡ ሽማግሌ እጃቸውን ወደ አንድ ጠጠር ሲሰዱ ከኋላ ድምፅ መጣ።

"አንተ ባለ ቆብ! እሱን ከነካህ ሁለት ይበሉብሃል!"

 ሽማግሌው ዞር ብለው "ማን ነው የተናገረው?" አሉ።

"እኔ ነኝ። ምን ልትሆን? እኛ ተራራው ላይ ይሄን ስንጫወት ነው ያደግነው። ወንድሞቼን አንድ በአንድ አስለቅሼ ነው ያገባሁት።"

"እንግዲያው ነይና ተጫወቺ!"

"እኔ? ባሌ ሆዱን ተቀዶ ተኝቶ? ተጫወቱ፣ እኔ ልቆጣችሁ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሽማግሌው ጠጠሩን አልነኩም፤ ያን ጨዋታም አሸነፉ። ከማግስቱ ጀምሮ ለሃጃ ቲብራና አብረዋቸው ለሚመጡት ሴቶች በአሸዋው ራስጌ ቦታ ይጠረግ ጀመር። በዚያ አደባባይ በሻይ ቤቱ ወንበሮች ፊት ለማለፍ አንገቷን የምትደፋ ሴት ብዙ ነበረች፤ ቆማ የምታይ ግን ያን ቀን ነው የታየችው።

ኢንሳፍ ይህን ሁሉ ታያለች። እሷ ያስቀመጠቻቸው አራት የቼዝ ጠረጴዛዎች በሰሜኑ በኩል ተተክለዋል፤ ያማሩ፣ የተወለወሉ፣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት መቀመጫ ያላቸው። በአንዱ ላይ አንድ ሰው ዳቦውን አሳርፏል። ሌሎቹ ባዶ ናቸው።

"ዓም ዳው" አለች፣ "እነዚህን የሚጠላቸው ለምንድን ነው ሰው? ጥላ አላቸው፣ ንጹሕ ናቸው።"

"ማንም አልጠላቸውም ልጄ። ሁለት መቀመጫ ነው ያላቸው። የሚጨቃጨቀው የት ይቁም?"

ኢንሳፍ ይህን በደብተሯ ጻፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳዋን በአሸዋው ጥግ ትበላ ነበር።

ዳው ራሱ አይጫወትም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከሰው ጀርባ ይቆማል። "አንተስ?" ሲሉት "ሥራ አለብኝ" ይላል፤ በምሳ ሰዓት። ሥራው ግን አላስደሰተውም። አሸዋው በየቀኑ እያነሰ፣ ጨዋታው ከዳር ወደ መሃል እየተገፋ ነው። ጠዋት ሰው የሚሰበሰብበትን ቦታ እያጠበበ፣ ቀትር ላይ ከሰው ጋር ቆሞ ያያል። በሃያ አራት ዓመቱ በግማሽ ቀን የሠራውን አሁን በሦስት ወር እየሠራው እንደሆነ ገባው። አባቱ ከፊቱ ቆመው የሚያዩት ይመስለው ጀመር።

በመጨረሻ አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ አሸዋ ቀረ፣ ልክ መሃሉ ላይ። ዳው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አዘገየ። አንድ ድንጋይ አስቀምጦ ያነሳል፤ ውሃ ልክ ያደርግበታል፤ እንደገና ያነሳል።

"አለቃ" አለ ኩዋሜ፣ "ይሄ ድንጋይ እኮ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ልክ ነው።"

"ዝም በል።"

"እሺ። ግን ልክ ነው።"

ረቡዕ ጠዋት የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ ሲ ረውፍ፣ አቶ ረውፍ እንደማለት ነው፣ ፋይሉን በብብቱ ይዞ መጣ። አርባ አምስት ዓመት ያልሞላው፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል ሰው ነው።

"ዓም ዳው፣ ቅዳሜ ገዥው መጥተው ይመርቁታል። ኮሚቴው አሁንም አልተስማማም። መሃሉ ለጊዜው በድንጋይ ይሸፈን፤ ነገ ከሰዓት አልቆ ልየው።"

ዳው የጎማ መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

"አላነጥፈውም።"

"ምን አሉ?"

"አላነጥፈውም ነው ያልኩት፣ ሲ ረውፍ። ሌላ ሰው ፈልግ።"

ሲ ረውፍ ዳው የሚቀልድ መስሎት ፈገግ አለ፤ ፊቱን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ። "ጡረታዎ አሥር ቀን ቀርቶት? ሠላሳ ስድስት ዓመት እሺ ሲሉ ኖረው፣ አሁን ለአንድ ጋሪ አሸዋ ብለው? ሪፖርት ብጽፍብዎ ምን እንደሚመጣ ያውቃሉ።"

"ጻፍ። አንድ ጊዜ ደፍኛለሁ። ሁለተኛ አልደፍንም።"

ሲ ረውፍ ወደ ኩዋሜ ዞረ። "አንተ ታነጥፈዋለህ?"

ኩዋሜ አሸዋ የሚጎትትበትን ጣውላ አስቀመጠ። እንዲህ ባለ ጥያቄ ላይ "አይ" ማለት ለእሱ ለሌላው ሰው እንደሚቀለው አይቀልም። "እኔ ረዳት ነኝ ጌታዬ" አለ። "አለቃዬ ካላሳየኝ አላውቅበትም።" የአሥራ አምስት ዓመት ግንበኛ ነው ይህን የሚለው። ዳው አንገቱን ደፋ፤ ዓይኑን ሰው እንዳያየው።

ኢንሳፍ ድምፁን ሰምታ መጣች። "ምንድን ነው ዓም ዳው?" አለችው፣ እና ዳው ሠላሳ ስድስት ዓመት የተሸከመውን እዚያው ቆሞ ነገራት። ጥጉን፣ ባሬላውን፣ መሐረቡን፣ አባቱ ቆመው ማየታቸውን። ረጅም አላደረገውም። "ሰው አባቱን ሁለት ጊዜ አያባርርም" ብሎ ጨረሰ።

 ኢንሳፍ ንድፉን ከቱቦው አውጥታ በጉልበቷ ላይ ዘረጋች፤ እርሳሷን አውጥታ መሃሉ ላይ አራት ማዕዘን ሣለችና አንድ ነገር ጻፈችበት።

"የዛፍ ጉድጓድ ነው" አለች። "በመመሪያው መሠረት የዛፍ ጉድጓድ አይነጠፍም።"

"አራት ሜትር የዛፍ ጉድጓድ?" አለ ሲ ረውፍ።

"ትልቅ ዛፍ ነው።"

"ምን ዛፍ?"

ኢንሳፍ ወደ ዳው አየች። ስለ ዛፍ ብዙም አታውቅም።

"ኻሩብ" አለ ዳው፤ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ጥላው ሰፊ ዛፍ ነው።

"መቼ ነው የሚተከለው?"

"በኅዳር። አሁን ቢተከል ይደርቃል።"

ሲ ረውፍ አሸዋውን አየ። ሰኞ ዕለት ይኸው ሰው ፋይሉን በብብቱ ይዞ ከሰው ጀርባ ሃያ ደቂቃ ቆሞ እንደነበር፣ ሃጃ ቲብራም "አንተ ባለ ፋይል፣ ብርሃን አትከልክለኝ" እንዳሉት ሁሉም ያስታውሳል። እሱም ያስታውሳል። ብዕሩን አወጣና በንድፉ ጥግ ፈረመ።

"ገዥው ከጠየቁኝ?"

"ኅዳር ይበሉ" አለች ኢንሳፍ።

ቅዳሜ ገዥው መጡ፤ ሪባኑን ቆረጡ፤ አሸዋውን በጣታቸው አመልክተው ጠየቁ፤ ኅዳር ተባሉና ራሳቸውን ነቅንቀው አለፉ። ኅዳርም በጊዜው መጥቶ ሄደ፤ በየዓመቱ ማዘጋጃ ቤቱ ስለ ዛፉ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ዛፉም እስካሁን በመንገድ ላይ ነው። ያ የኋላ ወሬ ነው። ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ።

መኪኖቹ ሄደው፣ ምንጣፉ ተጠቅልሎ፣ ነዋሪው ከቤቱ መውጣት የጀመረው ፀሐይ ሲያዘነብል ነው። ዳው በንጹሕ ሸሚዝ መጥቶ በአሸዋው አጠገብ ቆመ። መሐረቡን ከቁም ሣጥኑ አውጥቶ በኪሱ ይዟል፤ ለሚጫወቱት ሊሰጥ አስቦ ነው። ኩዋሜ አሸዋውን በጣውላ እያስተካከለ ነበር። ሃጃ ቲብራም ባላቸውን ለምርመራ ይዘው በዚያ ሳምንት ከሊቢያ ተመልሰው ነበርና ቦታቸውን ይዘዋል።

ያን ጊዜ በመስጊዱ በኩል አንድ ሽማግሌ በዱላ እየተመሩ ብቅ አሉ። ብልጋሲም ናቸው። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ እሳቸውም ከዚያ ቀን ወዲህ አደባባዩን ረግጠው አያውቁም። ኩዋሜ ወንበር ይዞ ሮጠ። ሽማግሌው ወንበሩን በዱላቸው ወደ ጎን ገፉትና በብዙ ማቃሰት መሬት ላይ ተቀመጡ።

"ቁጭ በል፣ የሚፍታህ ልጅ" አሉት።

"እኔ አልጫወትም ዓም ብልጋሲም።"

"ለምን?"

"ያውቁታል።"

"አላውቅም። ንገረኝ።"

ዳው ዙሪያውን አየ። ሰው ተሰብስቧል፤ ግን ረቡዕ አንዴ የተከፈተ አፍ ነውና አልተዘጋም። "አባቴን ከዚህ ያባረርኩት እኔ ነኝ። ተቀይሞኝ ነው የሞተው።"

ብልጋሲም የሰማውን ያላመነ ሰው እንደሚያይ አዩት።

"ሚፍታህ? አንተን የተቀየመ? ማን አለህ?"

"ማንም አላለኝም። ግን ወደዚህ አልተመለሰም።"

"አንተ ሞኝ! በማግስቱ እኮ በዚያኛው ጥግ ሌላ ልንቆፍር ነበር። ሁላችንም ተስማምተን። እኔ ነኝ ቤቱ ሄጄ የጠራሁት። 'አልመጣም' አለኝ። 'ምነው?' ብለው፣ 'እኛ ብንቆፍር እነሱ እንደገና ልጄን ነው የሚልኩት። ሁለተኛ ጊዜ በእኔ ፊት አይንበረከክም' አለኝ። እኛም ጥጉን ተውነው። ለአንተ ብለን ነው የተውነው።" ትንፋሽ ወሰዱ። "ሌላ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? 'ሲሚንቶውን አየኸው? ከጥግ እስከ ጥግ ልክ ነው፤ ውሃ ብታፈስበት ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ልጁ እጅ አለው' አለኝ። ደስ ብሎት ነበር እኮ።"

ዳው ወደ ሽማግሌው ጠጋ አለ። "ለምን አልነገሩኝም?"

"መቼ አግኝቼህ? አንተ በዓሣ ተራ ትዞራለህ፤ እኔ ዓሣ አልበላም።"

አንዳንዱ ሳቀ። ዳው ማልቀሱን ያወቀው ሃጃ ቲብራ የሻርፓቸውን ጫፍ ሲዘረጉለት ነው። አልተቀበላቸውም፤ በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ። ስድሳ ዓመቱ ነው፤ እንደ ልጅ ነው ያለቀሰው፤ ደስታ ነው ብሎ ለመናገርም ኀዘን ነው ብሎ ለመናገርም ይቸግር ነበር። ከዚያ ተቀመጠ። አውራ ጣቱን አሸዋው ውስጥ አስገባና አንድ ጉድጓድ ወጋ። ከጎኑ ሌላ። ያለ ገመድ፣ ያለ ውሃ ልክ፣ አምስት በአምስት፤ አንዱም ከመስመር አልወጣም።

መሐረቡን ሲፈታ ጠጠሮቹ እንደተቋጠሩ ነበሩ። አሥራ ሁለት ነጭ። ጥቁሩ አሥራ አንድ ሆነ። ኩዋሜ ኪሱን ዳብሶ ከአደባባዩ ንጣፍ የተፈናጠረች ጥቁር ድንጋይ አቀበለው። ደረደሩ። መሃሉ ባዶ ቀረ።

"ክፈት" አሉ ብልጋሲም።

ዳው ረጅም ጊዜ አሰበ። ከዚያ አንዱን ነጭ ጠጠር ወደ መሃሉ ገፋ።

"እሱን አይደለም!" አሉ ሃጃ ቲብራ ከኋላው።

"እሱን አይደለም አለቃ!" አለ ኩዋሜ።

ሲ ረውፍ ሳይቀር ከሰው ጀርባ "ኧረ እሱን አይደለም!" ሲል ተሰማ። ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ በዳው ራስ ላይ ይጮህ ጀመር።

ብልጋሲም ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ። "ተዉት" አሉ። "አባቱም ሁልጊዜ መጀመሪያውን ይሳሳት ነበር።"